ለቅዳሜው የሜይዳን ውድድር ፈረስ እንዴት እንምረጥ ላልሽው

ሰላም እህቴ። "ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር የዱባይ ወርልድ ካፕ የፈረስ ውድድርን ለማየት ዱባይ ወዳለው ሜይዳን የፈረስ መሮጫ ልንሄድ ነው። በነጻ የሚሞላውን የአሸናፊ ግምት መሙላት እንፈልጋለን። ስለ ፈረስ ግን የምናውቀው የለም፣ ምን አይተን እንምረጥ?" ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ከ2015 ጀምሮ በኮሮና ከተሰረዘበት ከ2020 እና ተመልካች ካልገባበት ከ2021 በስተቀር በየዓመቱ ሄጃለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ሜዳው ላይ የገንዘብ ውርርድ የለም። ያለው በነጻ ገምተሽ ካገኘሽ ሽልማት የምትወስጂበት ነው። አሞላሉ ከዓመት ዓመት ይለያያል፣ በር ላይ ስትደርሱ ጠይቁ። "ብሩን ስጡኝ፣ በስልኬ ላስይዝላችሁ" የሚል ሰው ከመጣ ግን አንድ ድርሃም እንዳትሰጡት። አብሮኝ ይኖር የነበረ ልጅ የወር ደመወዙን ለእንደዚህ ያለ ሰው ሰጥቶ በዚያው ቀረ።

አሁን ወደ ፈረሶቹ። ብዙ ሰው በፈረሱ ስም ወይም በጋላቢው ልብስ ቀለም ይመርጣል። እናንተ ከስሙ ጎን የተጻፈውን ያለፈ ውጤት እዩ። አንድ ጥያቄ ይበቃችኋል፦ ይሄ ፈረስ በዚህ መሬት፣ በዚህ ርቀት ሮጦ ያውቃል? በቀኑ ዘጠኝ ውድድር አለ፣ ዋናው ወርልድ ካፕም ከነሱ አንዱ ነው። አምስቱ አሸዋ ላይ፣ አራቱ ሳር ላይ ናቸው። ሳር ላይ አንደኛ የነበረ ፈረስ አሸዋው ላይ ሌላ ፈረስ ሆኖ ታዪዋለሽ።

ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት። በመጀመሪያው ዓመት አጥሩ ጥግ ቆሜ ነበር። ፈረሶቹ ሲያልፉ ከፊተኛው ኮቴ የሚነሳው አሸዋ የኋለኛውን ፊት እንደ በረዶ ይገርፈዋል። ጋላቢዎቹ መነጽር ደራርበው ነው የሚያደርጉት። የላይኛው በአሸዋ ሲሸፈን ወደ አንገታቸው ያወርዱትና በታችኛው ይቀጥላሉ። ፈረስ ግን መነጽር የለውም። ያልለመደ ከሆነ አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ሩጫውን ይቀንሳል፣ በቃ አለቀ። ለዚህ ነው አሸዋ ላይ ከመነሻው በር ፈጥኖ ወጥቶ ፊት የሚይዘውን ፈረስ የምመርጠው። በ2024 ሎረል ሪቨር ወርልድ ካፑን እንዲህ ነው የወሰደው። ፊት ያዘ፣ ከዚያ የደረሰበት የለም፣ ከስምንት ፈረስ ርዝመት በላይ ጥሎ ገባ። ይሄ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጃፓኑ ኡሽባ ቴሶሮ ከኋላ ሲጎተት ቆይቶ በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ሁሉንም አልፏል።

ሌላው ሜይዳንን የሚያውቅ ፈረስ ነው። ካሊፎርኒያ ክሮም በ2015 ሁለተኛ ወጣ። በ2016 ተመልሶ መጣና ኮርቻው ከጀርባው እየተንሸራተተ አሸነፈ። እኔ ያን ቀን ጋላቢው ይወድቃል ብዬ ዓይኔን ልከድን ምንም አልቀረኝም ነበር። ተንደር ስኖውም በ2017 እዚሁ፣ ከቀኑ ውድድሮች አንዱ የሆነውን የዩኤኢ ደርቢን ወስዶ፣ ከዚያ 2018ን እና 2019ን ወርልድ ካፕ ደገመ። ወርልድ ካፑን ሁለቴ ያሸነፈ የመጀመሪያው ፈረስ እሱ ነው። አሰልጣኙ ሰኢድ ቢን ሱሩር ደግሞ በዚህ ውድድር ዘጠኝ ጊዜ አሸንፈዋል። ስማቸውን ዝርዝሩ ላይ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

በወርልድ ካፑ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርሽ። ወር ገደማ ቀድሞ በሪያድ የሳዑዲ ካፕ ይካሄዳል። የዚያን አሸናፊ ሁሉም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይሞላል። በ2023 ፓንታላሳ፣ በ2024 ሴኞር ቡስካዶር፣ በ2025 ፎርኤቨር ያንግ ከዚያ አሸንፈው መጡ። ሦስቱም በዚያው ዓመት ወርልድ ካፑን አላሸነፉም። ምክንያቱ ግልጽ ነው ብዬ አምናለሁ። የሪያዱ 1800 ሜትር ሲሆን መታጠፊያው አንድ ነው። የእኛው 2000 ሜትር ነው፣ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። በዚያ ላይ ድካሙ ገና ከፈረሱ አልወጣም። እንዲህ ያለውን ፈረስ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይሆናል በሉት፣ አንደኛ አድርጋችሁ ግን አትሙሉት። በ2025 ማንም ያላሰበው ሂት ሾው ነበር የገባው።

ከሌሎቹ ውስጥ የዩኤኢ ደርቢ ለእኔ ቀላሉ ነው። ከ2022 እስከ 2025 አራቱንም ዓመት ከጃፓን የመጡ ፈረሶች ናቸው የወሰዱት። ሁለት ጃፓናዊ ካለ ወደ ውስጠኛው አጥር የቀረበ የመነሻ በር ቁጥር የደረሰውን ምረጡ። ከውጭ በር የሚነሳው መታጠፊያው ላይ ሰፋ አድርጎ ስለሚዞር ተጨማሪ ሜትር ይሮጣል። በ3200 ሜትሩ የዱባይ ጎልድ ካፕ ከፍጥነት ይልቅ ትንፋሽ ነው የሚፈለገው። ቫዚራባድ ከ2016 እስከ 2018 ሦስት ጊዜ በተከታታይ የወሰደው በዚያ ነው። በ2023 እና በ2024 ደግሞ የአየርላንዱ ኤይዳን ኦብራየን ፈረሶች ገቡ። በዱባይ ተርፍ የቀድሞ አሸናፊ ተመልሶ ከመጣ ያዙት። ሎርድ ኖርዝ ከ2021 እስከ 2023 ሦስቱንም ዓመት አሸናፊ ነበር፣ በ2022 ከፓንታላሳ ጋር እኩል ገብቶ። የ1200 ሜትሩን ጎልደን ሻሂን ለአገሩ አሰልጣኞች እሰጣለሁ። በ2022ም በ2024ም የቡፓት ሲማር ፈረሶች አሸንፈዋል።

አል ቁዝ ስፕሪንት ግን ከባድ ነው። መታጠፊያ የለውም፣ ቀጥ ያለ ሳር ነው። አንዳንዴ ፈረሶቹ ሁለት ቦታ ተከፍለው ግማሹ በዚህ አጥር፣ ግማሹ በዚያ አጥር ይሮጣሉ። የትኛው ወገን እንደሚቀድም እስከ መጨረሻው አታውቂም። እኔ አንድም ዓመት አላገኘሁትም።

አሁን የምነግርሽ ከአባቴ የተማርኩት ነው። ያደግኩት ኢንጅባራ ነው፣ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት። አባቴ ፈረሰኛ ነበር። ፈረስ ሲመርጥ መጀመሪያ አፉን ሳይሆን አረማመዱን ነው የሚያየው። "የኋላ እግሩ የፊቱን ዱካ አልፎ ይርገጥ" ይለኝ ነበር። ሜይዳንም ከየውድድሩ በፊት ፈረሶቹ እየተሳቡ የሚዞሩበት ቦታ አለ። ሄዳችሁ እዩ፣ ከራቃችሁ በትልቁ ስክሪን ተከታተሉ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ወደፊት ቀስሮ፣ ሳይቸኩል የሚራመድ ጥሩ ነው። በኋላ እግሮቹ መሀል ላቡ እንደ ሳሙና አረፋ ነጭ ከሆነ፣ ሳቢውንም ወዲያ ወዲህ ከጎተተው ጉልበቱን ሳይሮጥ ጨርሶታል። አንድ ዓመት ከወረቀቱ የመረጥኩትን ፈረስ እንዲህ ሆኖ አይቼ ቀየርኩት፣ የተውኩት ፈረስም ከመጨረሻዎቹ ጋር ገባ።

የመጀመሪያው ውድድር፣ ካሃይላ ክላሲክ፣ የዓረብ ፈረሶች ብቻ የሚሮጡበት ነው። አነስ ያሉ፣ ጅራታቸውን ከፍ አድርገው የሚይዙ፣ በጣም የሚያምሩ ናቸው። እነሱን ለማየት ስትሉ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ይሄን ውድድር ሰው እየዘገየ ያመልጠዋል፣ እኔ ግን ከቀኑ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ከአገሬ ፈረስ ጋር የሚመሳሰል ነገር ያለው እሱ ብቻ ነው።

የሚሮጡት ፈረሶች ከነመነሻ በር ቁጥራቸው ሲወጡ ዝርዝሩን ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። ዓርብ ማታ ከሥራ ስወጣ በየውድድሩ የምመርጠውን ከነምክንያቱ ከሥሩ እጽፍላችኋለሁ። ኮፍያና ውሃም ያዙ፣ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ አጥሩ ጋ ያቃጥላል።