ስለ ግቢ ኑሮ ጠይቁኝ፦ የቀድሞ የሬጅስትራር ሠራተኛ ይመልሳል

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር (የተማሪዎች መዝገብ ቢሮ) ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ምዝገባ፣ አድ እና ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መተው)፣ ግሬድ፣ ዊዝድሮዋል (በደንቡ አቋርጦ መውጣት)፣ ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት)፣ ክሊራንስ (የተረከቡትን መልሶ ነጻ መሆን)፤ እነዚህን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ስለ ሌላውም የምችለውን እመልሳለሁ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ሴኔት ሌጅስሌሽን (የትምህርት ደንብ) አለው። በብዙው ይመሳሰላል፤ ቀነ ገደቡና ዝርዝሩ ግን ይለያያል። የምነግራችሁን ከራሳችሁ ጋር አስተያዩት። ሁለተኛ፣ ፎርም ሳትሞሉ ከግቢ እንዳትጠፉ። ይህን ዛሬ ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ።

አዲስ ፍሬሽ፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ ተመድቤያለሁ። ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ልብሱንና ብርድ ልብሱን እናትህ ታውቃለች። እኔ ስለ ወረቀቱ ልንገርህ። የ12ኛ ክፍል ውጤትህን፣ ከ9 እስከ 12 ያለውን ትራንስክሪፕትህንና ጉርድ ፎቶ ያዝ። ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም። ኮፒውን ከኦሪጅናሉ ለይተህ አስቀምጥ፤ ሻንጣ ይጠፋል። ለሎከርህ ጠንካራ ቁልፍ ግዛ። ሌላው እዚያው ይገኛል።

ማትስ ያስፈራኛል፦ ጋሼ፣ ከ2 ነጥብ በታች ካመጣሁ ወዲያው እባረራለሁ የሚሉኝ ሲኒየሮች አሉ። እውነት ነው? ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) የሚሠራውስ እንዴት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። እስክሪብቶና ወረቀት አምጪ።

ኤ 4 ነው። ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0። ፕላስና ማይነሱ በመሃል ይገባሉ፤ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ ማይነስ 2.75 እያለ ይሄዳል። የእያንዳንዱን ኮርስ ግሬድ በክሬዲቱ (በኮርሱ ክብደት) ታበዣለሽ። ሁሉንም ደምረሽ ለጠቅላላው ክሬዲት ታካፍያለሽ። በቃ ይኸው ነው።

እንበል 5 ኮርስ ወሰድሽ፣ ሁሉም ባለ 3 ክሬዲት። ሳይኮሎጂ ኤ፣ ሎጂክ ቢ፣ ጂኦግራፊ ሲ፣ ኢንግሊሽ ዲ፣ ማትስ ኤፍ። 12፣ 9፣ 6፣ 3፣ 0። ድምሩ 30። ለ15 ሲካፈል 2.00። አየሽ? አንድ ኤፍና አንድ ዲ ይዘሽ እንኳ 2 ነጥብ ላይ ቆመሻል። ኤፉ መደገሙ አይቀርም፤ ዓለም ግን አልተደፋም።

ከ2.00 በታች የወረደ ሁሉ ይባረራል የሚሉት ልክ አይደሉም። ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ)፣ ፕሮቤሽን (በክትትል መቆየት) እና ዲስሚሳል (መባረር) የተለያዩ ናቸው። ለፍሬሽ ፈርስት ሴሚስተር የሚቀመጠው ወለል ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ቁጥሩን ከራስሽ ሌጅስሌሽን እይው። ለመመረቅ ግን ጠቅላላው 2.00 መሙላት አለበት። ግሬድ በወጣ ቁጥር ደግሞ ራስሽ ቁጭ ብለሽ አስይው። ክሬዲቱ ተሳስቶ የተመዘገበ ኮርስ በሥራዬ ላይ አጋጥሞኛል። ያገኘችው ተማሪዋ እንጂ እኛ አልነበርንም።

ግራ የገባው፦ የትኛው ዲፓርትመንት ይሻላል?

መልስ፦ ለማን? ምን ትወዳለህ? ውጤትህ ስንት ነው? ናቹራል ነህ ወይስ ሶሻል? እንዲህ ተድበስብሶ ለተጠየቀ መልስ የለኝም።

ግራ የገባው፦ ማለቴ ሥራ ያለው።

መልስ፦ አሁንም ያው ነው። ዲፓርትመንቱ ድረስ ሂድና የ3ኛ ዓመት ተማሪዎችን ጠይቅ።

ዶርም 214፦ ጋሼ፣ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ነኝ። ሚድ ጨርሰናል። እናቴ ታማብኛለች፤ ከእኔ ሌላ አስታማሚ የላትም። ለዶርም ጓደኞቼ ነግሬ ልሂድና በሚቀጥለው ዓመት ልመለስ አሰብኩ። የፈርስት ሴሚስተር ውጤቴ 3.00 ነው።

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሂጂ፤ እናትን ማስታመም ተገቢ ነው። ግን ዝም ብለሽ እንዳትሄጂ።

ዝም ብለሽ ብትሄጂ የሚሆነውን ልንገርሽ። ለጓደኛ መንገር ለዩኒቨርሲቲው መንገር አይደለም። ስምሽ የተማሪዎች ዝርዝሩ (ሮስተሩ) ላይ አለ። ፋይናል አልተቀመጥሽም፤ ኤንጂ (ግሬድ የለም ማለት ነው) ይጻፍብሻል። በጊዜው ካልተስተካከለ ኤፍ ይሆናል። ፈርስት ሴሚስተር 15 ክሬዲት ነበር ብንል 45 ነጥብ አለሽ። አሁን 15 ክሬዲት ባዶ ተጨመረበት። 45 ለ30፣ 1.50። አንድ ፈተና ሳትወድቂ 3.00 የነበረው 1.50 ሆነ። እንደየግቢው ሕግ ደግሞ የመመለስ መብትሽ ራሱ ሊጠየቅ ይችላል።

በደንቡ ዊዝድሮ ብታደርጊስ? ደብሊው (የዊዝድሮዋል ምልክት) ይጻፋል። ደብሊው ስሌት ውስጥ አይገባም። 3.00ሽ እንዳለ ይጠብቅሻል።

አንድ ቀን አንድ አባት ጋቢያቸውን አጣፍተው መስኮቴ ጋ ቆሙ። ልጃቸው አጠገባቸው አንገቱን ደፍቷል። ታሞ አገር ቤት ገብቶ፣ ድኖ መመለሱ ነው። ፋይሉን ሳወጣው ከላይ እስከ ታች ኤፍ ነው። የሐኪም ወረቀት ይዘዋል፤ እውነተኛ ወረቀት ነው። ግን የዚያን ጊዜ ያመጣው የለም። አባትየው «አንድ ወረቀት ብቻ ነበር የጎደለው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ስለዚህ ነው ይህን ነገር የምደጋግመው። ሳይቃጠል በቅጠል።

አሁን የምታደርጊው ይህን ነው። ሬጅስትራር ሄደሽ የዊዝድሮዋል ፎርም ውሰጂ። ምክንያትሽን ጻፊ። የእናትሽን የሕክምና ማስረጃ በስልክ ፎቶ አስልኪና ፕሪንት አድርጊ፤ ኦሪጅናሉ በኋላ ይመጣል። አድቫይዘርሽና የዲፓርትመንት ኃላፊው ይፈርማሉ። ፍሬሽ ከሆንሽ ፍሬሽማንን የሚያስተባብረው ቢሮ። ቀጥሎ ክሊራንስ ነው። ላይብረሪ ያለብሽን መጽሐፍ መልሺ። ለዶርም ኃላፊዋ ለፕሮክተሯ ቁልፉንና ፍራሹን አስረክቢ። ሚል ካርድሽን መልሺ። መጨረሻ ላይ ሬጅስትራር ተቀብሎ ማኅተም ያደርግበታል። ያንን ማኅተም ያለበትን ኮፒ ሳትይዢ አውቶቡስ እንዳትሳፈሪ። ማኅተም የሌለው ኮፒ አይቆጠርም።

የምትመለሽው አብዛኛውን ጊዜ በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ሴሚስተር ነው፤ ኮርሶቹ የሚሰጡት ያን ጊዜ ስለሆነ። የሪአድሚሽን ማመልከቻ የሚገባው ደግሞ ትምህርት ሳይጀመር ነው። ማስታወቂያውን የሚያይልሽ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ይኑርሽ።

ሌሊት ቸካይ፦ ጋሼ፣ እኔ ግን ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው የምጠፋው። ፎርም ያስፈልጋል?

መልስ፦ ሁለት ሳምንት ዊዝድሮዋል አይደለም። ለመምህራንህና ለዲፓርትመንትህ በጽሑፍ አሳውቅና ፈቃድ ያዝ። አቴንዳንስ ይቆጠራል። በቃል የተነገረ ነገር በኋላ ማንም አያስታውስልህም።

ኖን ካፌ ነኝ፦ ካፌ ይሻላል ወይስ ኖን ካፌ? የምግቡን ብር በእጄ ብቀበል ይሻለኛል ባይ ነኝ።

የካፌ ሰው፦ ብሩ ውጪ ለስንት ቀን ይበቃሃል? ላውንጅ አንድ በያይነት ስንት እንደገባ አይተሃል? ካፌ ሽሮው ቢቀጥንም በቀን ሦስቴ አለ።

ኖን ካፌ ነኝ፦ ሽሮውማ አለ፣ ጨጓራውም አለ። ደግሞ ሰልፉ። የ2 ሰዓት ክላስ እያለኝ ለዳቦና ሻይ ልሰለፍ?

ማትስ ያስፈራኛል፦ እኛ ዶርም አራት ሆነን ብሩን አንድ ላይ አድርገን ሞክረነው ነበር። ወሩ ሳያልቅ አለቀ። ከዚያ የካፌ ልጆች ዳቦ እያወጡ አበሉን።

የካፌ ሰው፦ ይኸው!

መልስ፦ ሁለቱም ያው ኮስት ሼሪንግ ላይ ይጻፍባችኋል። ምርጫው የሚመዘገበው በሴሚስተሩ መጀመሪያ ነው፤ መሃል ላይ ልቀይር ብትሉ የሚሰማችሁ አይኖርም። ከቤት የሚላክላችሁ ነገር ከሌለ ካፌ ሁኑ። ወደ ሌላ እንለፍ።

ወላጅ፦ ወንድሜ፣ ይህ ኮስት ሼሪንግ የሚባለው ምንድን ነው? ልጄ ፈርሚ ተብላ ደነገጠች።

መልስ፦ አይደንግጡ እህቴ፣ አሁን የሚከፈል አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። በየዓመቱ የሚፈረም ውል ነው። የየዓመቱን ኮፒ ታስቀምጠው። ስትመረቅ ሂሳቡን የምታመሳክረው በእሱ ነው።

ዘንድሮ ተመራቂ፦ ስለ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ምን ይላሉ? አራት ዓመት ተምረን በአንድ ፈተና?

የሕግ ልጅ፦ እኛ ሕግ ተማሪዎች ከሌሎቻችሁ ብዙ ዓመት ቀድመን ነው የጀመርነው፤ ለምደነዋል።

ዘንድሮ ተመራቂ፦ እናንተ ለጥብቅና ነው የምትዘጋጁት። እኛ ላብራቶሪ እንኳ በወጉ ሳናይ ነው የምንፈተነው።

መልስ፦ ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም ሆኗል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ያላለፈ በድጋሚ መፈተን ይችላል። ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለውን ለእናንተ ልተወው። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ የወሰዳችሁትን ኖት ግን አትጣሉ። ፈተናው የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ከመጨረሻው ሴሚስተር ሃንድአውት አይደለም።

ስድስት ኪሎ፦ ላይብረሪ ውስጥ ደብተር አስቀምጦ ቦታ የሚይዝ ሰውስ? ኬኔዲ (የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ላይብረሪ) ጠዋት ስገባ ጠረጴዛው ሁሉ ደብተር ነው፣ ሰው የለም። ባለቤቱ የሚመጣው ከቁርስ በኋላ ነው።

ሌሊት ቸካይ፦ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይይዛል።

ስድስት ኪሎ፦ የመጣው ደብተሩ ነዋ። ለሦስት ጓደኛ አራት ወንበር ይዘው ሲጠፉ አይቻለሁ። የዚህን ግቢ ታሪክ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ከ1943 ጀምሮ ስንት ሰው የተማረበት ነው።

አራት ኪሎ፦ ስድስት ኪሎ ከ1954 ነው። 1943 የእኛ ነው።

ስድስት ኪሎ፦ ዩኒቨርሲቲው አንድ ነው!

አራት ኪሎ፦ ግቢው ግን አንድ አይደለም። ስድስት ኪሎ ያን ጊዜ ቤተ መንግሥት ነበር።

መልስ፦ ዩኒቨርሲቲው አንድ ነው፤ በግቢው ዓመት ግን አራት ኪሎ ልክ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 አራት ኪሎ ጀመረ። በ1954 ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ሰጥተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የመኝታ ክፍላቸው እስከ ዛሬ ሙዚየሙ ውስጥ ይታያል። ደብተራችሁን አንሱ። ቀጣይ።

ፍቅር ያዘኝ፦ ጋሼ፣ ፍሬሽ ላይ ጓደኛ መያዝ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ሬጅስትራር እንዲህ ያለ ፎርም የለውም። ሲኒየሮችህን ጠይቅ።

ቢ የጠበቀ፦ ፋይናሉን በደንብ ሠርቼ ሲ መጣብኝ። መምህሩን ልሂድና ልለምነው?

መልስ፦ አትለምን። ልመና ከጀመርክ ጉዳዩ መብት መሆኑ ይቀርና ችሮታ ይሆናል። የተፈተንክበትን ወረቀት የማየት መብት አለህ። መጀመሪያ መምህሩን በጨዋ ደንብ «ወረቀቴን ማየት እችላለሁ?» በለው። ኩዊዙን፣ ሚዱን፣ አሳይመንቱን፣ ፋይናሉን አንድ በአንድ ደምር። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚገኘው እርማቱ ላይ ሳይሆን ድምሩ ላይ ነው። የአሳይመንት 10 ማርክ ሳይገባ ቀርቶ ስንቱ ከቢ ወደ ሲ ወርዷል። ካልተስማማህ ለዲፓርትመንት ኃላፊው በጽሑፍ አመልክት። ቀን ጻፍበት፤ የተቀበለህ ሰው ኮፒህ ላይ ይፈርምልህ። ቀነ ገደቡ አጭር ነው። ለእረፍት አገር ቤት ሄደህ ስትመለስ አልፎ ታገኘዋለህ።

ዝም ያለ፦ ጋሼ፣ ዊዝድሮዋል ሳልሞላ ብሄድ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ከላይ ያለውን አንብብ። ለዶርም 214 የጻፍኩትን ሁሉ። ሁሉንም!

ዝም ያለ፦ አነበብኩ። እኔ ግን ከሄድኩ ቆይቻለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ቤት ነኝ ያለሁት።

መልስ፦ እንዲህ ብለህ አትነግረኝም? ይሄ ሌላ ጥያቄ ነው። ፋይናል ተጀምሯል?

ዝም ያለ፦ ገና ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚጀምረው።

መልስ፦ እንግዲያው ጊዜ አለህ። ነገ ተሳፈር። ራስህ መሄድ ካልቻልክ በእጅህ የተፈረመ የውክልና ደብዳቤና የመታወቂያህን ኮፒ ይዞ ወንድምህ ይሂድ፤ መጀመሪያ ግን ስልክ ደውላችሁ ውክልና ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። የዊዝድሮዋል የመጨረሻ ቀን አልፎ ከሆነ «አልፏል» ሲሉህ እንዳትመለስ። የዘገየህበትን ምክንያት ከነማስረጃው ጽፈህ ለዲኑ አስገባ። ለምን ሄድክ?

ዝም ያለ፦ ጭንቀት ነበረብኝ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

መልስ፦ ሕመም ነው፤ ማስረጃ ይጻፍለታል። አሁን ያለህበት ከተማ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄደህ ታከም፣ ወረቀት ያዝ። ግቢ ስትደርስ የተማሪዎች ክሊኒክ አሳየው። ለቤተሰብህም ንገር፤ ብቻህን አትያዘው። ዲኑ ጋ ስትገባ ወረቀቱን ከፊት አድርገው።

ዶርም 214፦ ጋሼ፣ እኔ ዛሬ ዞርኩ። አድቫይዘሬ ፈርሞልኛል፣ ላይብረሪና ካፌ ጨርሻለሁ። አስተባባሪው ግን ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አርብ ኑ አሉኝ። አውቶቡሴ ሐሙስ ነው።

መልስ፦ ተወካይ አላቸው። ጸሐፊዋን «በእሳቸው ቦታ የሚፈርም ማነው?» በያት። ነገ ጠዋት 2:30 ቢሮ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ተገኚ። እንቢ ካሉሽ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ስልኩን ከፍቼ እጠብቃለሁ።