ኮሎምቦን እዩት ልጆች፣ ሁሉንም ግን አትኮርጁ

ሰላም ልጆች፣ በተለይ ገና ኦዲት ክፍል፣ ባንክ ኢንስፔክሽን ወይ ፖሊስ ምርመራ ውስጥ የገባችሁት። ስታገኙኝ "ጋሼ ምን እናንብብ" ትሉኛላችሁ፣ መጽሐፉንማ ዩኒቨርሲቲው በሽ በሽ አድርጎ ሰጥቷችኋል፣ እኔ የምለው አንድ የድሮ የአሜሪካ ቲቪ ድራማ ቁጭ ብላችሁ እዩ ነው። ኮሎምቦ ይባላል። እንዳትስቁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደጋግሜ የማየው እሱን ነው፣ ባለቤቴ "ገዳዩን እያወቅከው ምኑን ነው የምታየው" ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ያየሁት ቀንም ገዳዩን አውቀው ነበር እላታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌላው የወንጀል ድራማ ገዳዩን እስከ መጨረሻ ደብቆ ያንጠለጥላችኋል። ኮሎምቦ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ግድያው ገና ሲጀምር እያያችሁ ነው የሚፈጸመው፣ ማን እንደገደለ፣ በምን እንደገደለ፣ ዱካውን እንዴት እንዳጠፋ ሁሉን ታያላችሁ፣ ከዛ በኋላ ነው ኮሎምቦ የሚባለው መርማሪ ፖሊስ ብቅ የሚለው፣ የተጨማደደ የዝናብ ካፖርት፣ ያለቀ ሲጋር፣ የምታቃስት ፔጆ 403 (ድሬዳዋ ያያችኋት የ404 ታላቅ እህት በሏት፣ ይቺኛዋ ጣሪያዋ ይከፈታል)። ጥያቄው ማን ገደለ ሳይሆን እንዴት ይያዛል ነው። የኛም ስራ እኮ ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው፣ ብሩ እንደጠፋ ግቢው ሁሉ ያውቃል፣ ማን እንደወሰደውም ዘበኛው ሳይቀር ይነግራችኋል፣ ወረቀት ላይ ማስቀመጡ ነው ጭንቁ።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። የፈጠሩት ዊሊያም ሊንክና ሪቻርድ ሌቪንሰን የሚባሉ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛሞች የነበሩ ጸሐፊዎች ናቸው፣ የዶስቶየቭስኪ ወንጀልና ቅጣት ላይ ያለውን ያንን ትሁት መሳይ መርማሪ ፖርፊሪን መነሻ አድርገው። ገጸ ባህሪው በፈረንጅ 1960 በሌላ ተዋናይ ቲቪ ላይ ታየ፣ ቀጥሎ መድረክ ላይ ወጣ፣ ፒተር ፎልክ የያዘው በ1968 ነው። ተከታታዩ ከ1971 እስከ 78 በኤንቢሲ፣ ከዛ ረጅም እረፍት ወስዶ ከ1989 እስከ 2003 በኤቢሲ፣ በጠቅላላው 69 ኤፒሶድ። የመጀመሪያውን መደበኛ ኤፒሶድ ዳይሬክት ያደረገው ያኔ ማንም የማያውቀው ስፒልበርግ የሚባል ልጅ ነበር።

ፎልክ ራሱ ግን ይገርመኛል። በ3 ዓመቱ በካንሰር ምክንያት ቀኝ አይኑን አውጥተውለት በመስታወት አይን ነው ያደገው፣ ትወና ውስጥ ከመግባቱ በፊት ደግሞ በፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ማስተርሱን ይዞ የኮኔቲከት ስቴት በጀት መስሪያ ቤት ውስጥ ነበር የሚሰራው። የበጀት ሰራተኛ! እኛ ቤት ነው የነበረው ማለት ነው፣ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ አያያዙን ሁሉ ቢሮ ውስጥ የማውቀው እየመሰለኝ ነው የማየው።

ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ ገዳዮቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ታዋቂ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ደራሲ፣ ጄኔራል፣ ቤታቸው የተንጣለለ፣ አፋቸው የሚያስፈራ። ኮሎምቦን ሲያዩት ይንቁታል። እሱ ደግሞ አይናደድም፣ ማን እንደሆነ ላሳያቸውም አይልም፣ እንደውም ይጨምርበታል፣ ስለ ሚስቱ ያወራል (ሴትየዋን አንድም ቀን አናያትም)፣ እስክሪቢቶ ይለምናል፣ አመድ የሚያራግፍበት ይጠፋዋል። እናንተ አዲስ ገቢዎች የምትቸገሩበት እዚህ ጋ ነው፣ ሃላፊው ከወንበሩ ሳይነሳ "አንተ ልጅ ስንት ዓመት ሰራህ?" ሲላችሁ ዲግሪያችሁን ልትቆጥሩለት ትጀምራላችሁ። ተዉት። የናቃችሁ ሰው ፊታችሁ ዘና ብሎ ነው የሚያወራው፣ የፈራችሁ ግን ጠበቃውን ጠርቶ ነው።

እኔ በወጣትነቴ አንድ መስሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) የመኪና ጥገና ደረሰኞች እያየሁ ነበር፣ ቀናቸው ከጥቅምት እስከ ጥር የተበተነ ነው፣ ቁጥራቸው ግን ተከታታይ ነው፣ እንግዲህ ጋራዡ በነዛ ወራት ሌላ ደንበኛ አልገባለትም ማለት ነው። ሄጄ "ይሄ ፎርጅድ ነው" ብል ኖሮ ነገሩ እዛው ይዘጋ ነበር። "ይቅርታ አቶ እገሌ፣ እኔ የጋራዥ አሰራር ብዙም አላውቅም፣ ደረሰኙ እንዴት ነው የሚቆረጠው?" አልኩት፣ ሰውዬው ደስ ብሎት ሲያስተምረኝ ሲያስተምረኝ "ያው በዓመቱ መጨረሻ አንድ ላይ ያስቆርጡታል" አለኝ። በዓመቱ መጨረሻ ከተቆረጠ የጥቅምቱን ቀን ማን ጻፈው? ይሄንን ግን አልጠየቅኩትም፣ የነገረኝን ጻፍኩና አስፈረምኩት።

ያቺ ኮሎምቦ ጥያቄውን ጨርሶ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ "አንድ ነገር ብቻ" የሚላት ነገር፣ ሊንክ እንደተናገረው ከስንፍና የመጣች ናት፣ ትዕይንቱ አጠረባቸው፣ ገጹን እንደገና በታይፕ መምታት ሰለቻቸው፣ ሰውዬውን ከበር መልሰው ሌላ ጥያቄ አስጠየቁት። ቢሆንም ትሰራለች። ደብተር ተዘግቶ ቡና ሲመጣ የሚወራው ወሬ ነው ብዙ ጊዜ ፋይሉን የሚከፍተው።

ከሁሉ የምወደው የ1973ቱን ወይን ጠጅ ያለበትን ነው። አድሪያን ካርሲኒ የሚባል ወይን አምላኪ አለ፣ ወንድሙ መጥመቂያውን ሊሸጥበት ሲል መትቶ ይጥለውና የወይን ጓዳው ውስጥ አስሮ አየር የሚያስገባውን ማቀዝቀዣ ዘግቶበት ይሄዳል፣ ሰውየው ታፍኖ ይሞታል። ኮሎምቦ ስለ ወይን ምንም አያውቅም። ሄዶ ይማራል፣ የሚማረው ደግሞ ከባለሙያዎችና ከራሱ ከገዳዩ ነው። በመጨረሻ ራት ይጋብዘውና ከሰውዬው ጓዳ የወጣ ጠርሙስ ያስቀርብለታል፣ ካርሲኒ ገና ሲቀምሰው ወይኑ ሙቀት እንደመታው ይገባውና ሬስቶራንቱን በጩኸት ያናውጠዋል። ለካ ማቀዝቀዣው በተዘጋበት ሰሞን ከባድ ሙቀት ነበር፣ የተበላሸው እዛው የራሱ ጓዳ ውስጥ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጠጥቶ አመስግኖ ይሄድ ነበር፣ ያስያዘው ምላሱ ነው። ስቶር ኦዲት ልታደርጉ ስትሄዱ ሞዴል 19ና 22 (የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞቹን) ማመሳከር ብቻ አይበቃም የምላችሁ ለዚህ ነው፣ ሲሚንቶ እርጥበት ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ነዳጅ በሙቀት ምን እንደሚሆን ስቶር ኪፐሩን ጠይቁት፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ማውራት ይወዳል። መጨረሻ ላይ ኮሎምቦና ካርሲኒ መኪና ውስጥ አብረው ይጠጣሉ፣ ስድብ የለ ምን የለ።

ሌላው የ1977ቱ ነው፣ ገዳዩ የሂሳብ ባለሙያ ነው፣ የደንበኞችን ገንዘብ ሲበላ ሸሪኩ ደረሰበት። ሁለቱም እጅግ ጎበዞች ብቻ የሚገቡበት ክለብ አባል ናቸው። ኮሎምቦ እዛ ላይ የሚለው ነገር አለ፣ ትምህርት ቤትም ፖሊስ ቤትም ከሱ የሚበልጡ ብልሆች ሞልተው ነበር፣ እሱ ግን ከነሱ የበለጠ ከሰራሁ፣ ካነበብኩ፣ አይኔን ከከፈትኩ ይሳካልኝ ይሆናል ብሎ አሰበ። ክፍል ውስጥ አንደኛ ወጥታችሁ የማታውቁ ይቺን ደጋግማችሁ ስሟት፣ አንደኛ ስትወጡ የኖራችሁ ደግሞ ሰውዬው በምን እንደተያዘ እዩ፣ ኮሎምቦ የተሳሳተ ማብራሪያ ሲያቀርብለት ማረም አላስችል ብሎት ነው።

አሁን የማልስማማበትን ልናገር። ኮሎምቦ ገና እንደገባ አንዱን ሰው ይይዝና እሱን ብቻ ያደርቃል፣ ቤቱ ይሄዳል፣ ስራው ይሄዳል፣ ሰርጉም ላይ ቢሆን ይገኛል። እኛ የምንስቀው ሰውዬው ሲገድል ስላየነው ነው። እናንተ ግን አላያችሁም! መጀመሪያ ቀን "እሱ ነው" ብላችሁ የጀመራችሁት ምርመራ የሚያሳያችሁ እሱን ብቻ ነው፣ ንጹህ ሰው ከስራ ሲታገድ፣ ደመወዙ ሲያዝ፣ ልጆቹ ትምህርት ሲያቋርጡ ያየሁት እንዲህ ባለ ጥድፊያ ነው። ከዛ ደግሞ ለንደን የተሰራው የ1972ቱ ኤፒሶድ ላይ ከገዳይዋ ሐብል የተበጠሰ ለማስመሰል አንድ ዕንቁ ኮሎምቦ ራሱ ነው የሟቹ ጃንጥላ ውስጥ የሚወረውረው፣ አክተሩን ብወደውም ይሄ በየትኛውም ሀገር ማስረጃ መፍጠር ነው፣ የኔ ጁኒየር ቢሆን ያን ቀን ነበር የማባርረው።

ከየት እንጀምር ካላችሁ የ70ዎቹን እዩ፣ ከ89 በኋላ ያሉት ውስጥ ጥሩ ጥሩ አሉ ግን ኮሎምቦ ራሱ ኮሎምቦን መኮረጅ ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ የወይኑን፣ ቀጥሎ የሂሳብ ሰውዬውን። ስልካችሁን ግን ሌላ ክፍል አስቀምጡት፣ አንዱ ኤፒሶድ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ካፖርቱ እስኪታይ ደግሞ ብዙ መጠበቅ አለ፣ እሱን ሳትዘሉ እዩት፣ በኋላ የሚያስይዘው ነገር ብዙ ጊዜ እዛች መጀመሪያዋ ላይ ነው ያለው።