መልስ፦ ዴዝሞንድ ለፔኒ መደወል ለምን አስፈለገው?

ሎስት የሚባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ዴዝሞንድ ሊሞት እያጣጣረ፣ ለቀድሞ ፍቅረኛው ለፔኒ አንድ ስልክ መደወል እንዴት ያድነዋል ብለህ ጠይቀሃል። እኔም መጀመሪያ ሳየው ግራ ገብቶኝ ነበር።

ሰውነቱ የትም አይሄድም። በሁለት ዘመን መካከል የሚመላለሰው አእምሮው ነው፤ እሱም የ1996ቱ (እ.ኤ.አ.)፣ የወታደርነት ዘመኑ አእምሮ። ለዚህ ነው በ2004 አንድ መርከብ ላይ ሲነቃ አጠገቡ የቆመውን ሳይድ የሚባል ጓደኛውን ጭራሽ የማያውቀው።

ምልልሱ ሲበዛ አእምሮው የቱ ዘመን ላይ እንዳለ ይጠፋበታል። አፍንጫ መድማት፣ ከዚያ ሞት። የፊዚክስ ሊቁ የፋራዴይ የሙከራ አይጥ ኤሎይዝ እንዲያ ሆና ነው የሞተችው፤ የመርከቡ ሬዲዮ ሠራተኛ ሚንኮውስኪም እንደዚያው። መዳኛው በሁለቱም ዘመን ያለ፣ ከልብ የሚወደውን አንድ ነገር መያዝ ነው። ድንኳኑ በነፋስ እንዳይወሰድ እንደሚተከል ካስማ በለው። ለዴዝሞንድ ካስማው ፔኒ ናት።

ግን በ1996 ተጣልተዋል! ትቷት የሄደው ራሱ ነው። በሯን አንኳኩቶ ስልክ ቁጥርሽን ስጪኝ፣ ስምንት ዓመት አልደውልም ሲላት እብድ መስሏት ነው የምታባርረው። ቁጥሩን ግን ትሰጠዋለች። ልብ ካልክ አይጽፈውም፣ በቃሉ ነው የሚይዘው። ወረቀቱማ 1996 ላይ ይቀራል፤ የሚሻገረው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ይቺ ነገር በጣም ነው የምትመቸኝ።

በ2004 የገና ዋዜማ ሲደውል ታነሳዋለች። ቁጥሯን ሳትቀይር ስምንት ዓመት! እኔ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ሲም ካርድ ጥያለሁ።

ደግመህ ካየኸው መጨረሻ ላይ ፋራዴይ ማስታወሻ ደብተሩን ሲገልጥ አትለፈው።