ከዝናብ በኋላ የሚሠራ፣ ሲደርቅ የሚተኛ የዱባ አጥር

ጥያቄ፦ የዱባ ማሳዬን በሁለት መስመር የኤሌክትሪክ ሽቦ አጥሬያለሁ። ለሽቦው የኤሌክትሪክ ምት የሚልከው ሳጥን ይመታል፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። አጋዘኖች ግን ሌሊት እየገቡ የሐረጉን ጫፍ፣ አበባውንና ለጋ ፍሬውን ይበሉብኛል፤ የተበላው ቅጠል ጠርዙ ተቀዳዶ ይታያል። ዝናብ ከጣለ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ይጠፋሉ፤ መሬቱ ሲደርቅ ይመለሳሉ። አጥሩን የሠራልኝ ዘመዴ ለግራውንድ (ለመሬት መስመሩ) አጭር ፌሮ ቀብሯል። «ሳጥኑ ደካማ ነው፣ ትልቅ ግዛ» ይለኛል። ከመግዛቴ በፊት ሽቦውን በቀጥታ ከሶኬት ባገናኘውስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ። ሽቦውን በምንም ምክንያት ከሶኬት አያገናኙት። የአጥር ሳጥን የሚልከው ብዙ ሺህ ቮልት ቢሆንም ምቱ ለሴኮንድ ሽራፊ ብቻ ቆይቶ ይቋረጣል፤ እስከሚቀጥለው ምት ድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ፋታ አለ። ሽቦውን የነካ ሰው እጁን የሚያነሣው በዚያ ፋታ ነው። የሶኬት መብራት ፋታ የለውም። ጡንቻን ጨምድዶ ይይዛል፣ አይለቅም፣ ይገድላል። የሚሞተው ደግሞ አጋዘን ላይሆን ይችላል፤ ኳስ ተከትሎ የሮጠ ልጅ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አጥሩ። አዲስ ሳጥን አይግዙ። «ዝናብ ከጣለ በኋላ ይጠፋሉ» የሚለውን ሳነብ የቀረውን ደብዳቤ በጥርጣሬ ነው የጨረስኩት፤ «አጭር ፌሮ» ላይ ስደርስ ጥርጣሬው አበቃ። የታመመው ግራውንዱ ነው። ሳጥን ቢደክም ዝናብ አያድነውም፤ እንዲያውም እርጥብ ሣር ሽቦውን ስለሚነካ ያባብስበታል። በእርጥብ መሬት የሚበረታ፣ በደረቅ የሚልፈሰፈስ አጥር የመሬት መስመሩ የተበላሸ ነው።

አጋዘን ስለመሆኑም አልጠራጠርም። አጋዘን ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ቅጠሉን ይዞ ይገነጥላል እንጂ አይቆርጥም። ጥንቸል ብትሆን ኖሮ ግንዱ ላይ በሰያፍ የተቆረጠ ንጹሕ ጫፍ ያገኙ ነበር።

ስለ ግራውንድ ትንሽ ልዘርዝር፤ ይህ ያልገባው ሰው ሳጥን ሲቀያይር ይኖራል። ከሳጥኑ ሁለት ጫፎች ይወጣሉ፤ አንዱ ወደ ሽቦው ይሄዳል፣ ሌላው ወደ መሬት ይወርዳል። አጋዘኑ አፍንጫውን ሽቦው ላይ ሲያሳርፍ ምቱ በአፍንጫው ገብቶ፣ በእግሩ ወርዶ፣ በሰኮናው ወደ አፈሩ ይገባል። ብዙ ሰው ነገሩ እዚህ ያበቃ ይመስለዋል። ገና ግማሹ መንገድ ነው! ምቱ ከሰኮናው ሥር ተነሥቶ፣ በአፈር ውስጥ ተጉዞ፣ በተቀበረው ዘንግ በኩል ወደ ሳጥኑ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ንዝረት የለም። እርጥብ አፈር በያዘው ውኃና በሟሟው ጨው ምክንያት ያሳልፈዋል፤ ደረቅ አፈር ይከለክለዋል። አጭር ዘንግ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ በሚደርቀው የላይኛው አፈር ውስጥ ነው የሚቀረው። በዚያን ጊዜ ቮልቱ አይጠፋም፤ ይከፋፈላል። ከሳጥኑ ከወጣው ውስጥ የሚበዛውን ደረቁ አፈር ይወስዳል፤ ለእንስሳው ትራፊው ይደርሰዋል። ሽቦውን በቴስተር (በአጥር ቮልት መለኪያ) ሲለኩት ጥሩ ቁጥር የሚያዩትም ለዚህ ነው፤ ቴስተር ለማንበብ የሚፈልገው ኃይል ኢምንት ስለሆነ በመጥፎ ግራውንድም ያነባል። በአጋዘኑ አካል አልፎ ለማስደንገጥ ግን በርከት ያለ ኃይል ያስፈልጋል። በአንድ አጭር ፌሮ ላይ ትልቅ ሳጥን ቢሰቅሉም ትርፍ ኃይሉ በዚያው ዘንግ ዙሪያ ይቀራል። እንዲያውም ትልቅ ሳጥን የሚጠይቀው ግራውንድ ይበዛል እንጂ አያንስም። ዘመድዎ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ፌሮ ቆርጠው ቀብረው አይሄዱም ነበር።

ግምቴን በደረቅ ቀን ይፈትኑት። መጀመሪያ ሳጥኑን ከሶኬት ይንቀሉ። ማሳው የሚፈቅደውን ያህል፣ ቢቻል 100 ሜትር፣ ከሳጥኑ ርቀው ጥቂት የብረት ዘንጎችን መሬት ላይ ተክለው ከሽቦው ጋር ያስደግፏቸው። ከዚያ ሳጥኑን ያብሩና ሽቦውን ይለኩ፤ ከ2,000 ቮልት በታች ካልወረደ ሳጥኑን ነቅለው ዘንግ ይጨምሩ። ሲወርድ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ግራውንዱ ላይ ያድርጉ፤ ሌላውን ገመዱ እስከሚደርስበት አርቀው አፈር ውስጥ ይትከሉ። ከ300 ቮልት በላይ ካነበበ ግራውንዱ አይበቃም። የእርስዎ በብዙ የሚያልፍ ይመስለኛል። ለአጥር የተሠራ ቴስተር ብቻ ይጠቀሙ፤ ተራው መልቲሜትር በዚህ ቮልት ይቃጠላል።

ጥገናው ቀላል ነው፣ ጉልበት ይፈልጋል እንጂ። 2 ሜትር ገደማ የሆኑ ሦስት የጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጡ) ዘንጎች፣ በየ3 ሜትሩ፣ ጫፋቸው ብቻ እስኪቀር ይምቱ። ሁሉንም ባልተቆራረጠ አንድ ሽቦ፣ በማጥበቂያ ክላምፕ ያያይዙ። ጠምዝዞ መተው አይበቃም፤ ዝገት ይገባበታል። ዘንጉ ጋልቫናይዝድ ከሆነ ሽቦውም ይሁን፤ መዳብና ዚንክ እርጥበት ላይ ሲገናኙ ዚንኩ ይበላል። ከቤቱ የመብራት ግራውንድ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፤ ከውኃ ቧንቧ ጋርም አያያይዙት። መዶሻ ከማንሣትዎ በፊት ከሥር የተቀበረ ገመድ አለመኖሩን ያረጋግጡ።

አፈሩ ለወራት ደርቆ የሚከርም ከሆነ ዘንጉም ብቻውን ላያድን ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ አንዱን ሽቦ ከምቱ፣ ቀጣዩን ከግራውንዱ ጋር እያፈራረቅሁ እዘረጋለሁ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የነካ እንስሳ አፈሩን ሳይጠብቅ ይመታል።

ዕቃውንም ይመርምሩ። ከሳጥኑ እስከ አጥሩ የተዘረጋው ተራ የቤት ኬብል ከሆነ ያውጡት፤ የተሠራው ለጥቂት መቶ ቮልት ስለሆነ ምቱ በላስቲኩ አልፎ ወደ መሬት ይፈሳል። ለ20,000 ቮልት የተሠራ የአጥር ኬብል አለ። እንደ ስኒ (ሽቦውን ከቋሚው የሚለየው መከለያ) የሚጠለቀው የውኃ ጎማ ቁራጭ ደግሞ ዓይኔን የሚያቀላው ነገር ነው፤ ጥቁሩ ጎማ ካርቦን ስላለበት ሲረጥብ ያሳልፋል። ገበያውን የሞላው ርካሽ የፕላስቲክ ስኒም ፀሐይ ሲመታው ተሰንጥቆ ሽቦው ቋሚው ላይ ይተኛል። ማታ በጨለማ አጥሩን ይዙሩት፤ ጠቅ የሚል ድምፅ የሰሙበት ወይም ብልጭታ ያዩበት ቦታ ላይ ስኒው ሞቷል።

ሁሉም ቢስተካከል እንኳ በአንድ ረድፍ የተዘረጉ ሁለት ሽቦዎች ለአጋዘን አይበቁም። 2 ሜትር የሚዘል እንስሳ ነው፤ በዝላይ ላይ እያለ ሽቦውን ቢነካም እግሩ መሬት ስለማይረግጥ አይመታውም። ጠጉሩም ውስጡ ክፍት ስለሆነ ምቱን ይከላከልለታል። የሚያቅተው ከፍታና ስፋት ሲደራረቡበት ነው፤ ርቀት መገመት ላይ ደካማ ነው። ስለዚህ ሁለት ረድፍ ያድርጉት፦ የውጪው ረድፍ በ45 ሴንቲሜትር ከፍታ አንድ ሽቦ፣ ከእሱ 90 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ በ25 እና በ60 ሴንቲሜትር ሁለት ሽቦ። የውጪው በደንብ የሚታይ ጥብጣብ ቢሆን ይመረጣል። ውስጠኛው ረድፍ ከዱባው 2 ሜትር ይራቅ። የዱባ ሐረግ ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል፤ አንድ ሐረግ ሽቦው ላይ ከወጣ ያን ሁሉ ግራውንድ የቀበሩት ዱባውን ለመንዘር ነው። ከሥር ያለውንም ሣር ይጨዱ።

ከዚያ አጋዘኑ በአፍንጫው እንዲቀርብ ማድረግ ነው። ሳጥኑን ነቅለው፣ የአሉሚኒየም ፎይል ቁራጮችን በውጪው ሽቦ ላይ አጥፈው ይስቀሉ፤ ውስጣቸውን የለውዝ ቅቤ ይቀቡ። ሲልስ ምቷን ምላሱ ላይ ይቀምሳታል፤ ምላስና አፍንጫ እርጥብ ስለሆኑ ጠጉር እንደሸፈነው ደረት አይከላከሉለትም። ሳጥኑን ሌሊት አያጥፉ። ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ሲመሽና ሊነጋ ሲል ነው፤ ጠፍቶ ያገኙትን አጥር ደግሞ አይረሱም።

ሳሙና መስቀልና የእንቁላል ውኃ መርጨት ለአጭር ጊዜ ሊያግዝ ይችላል። ዱባ ላይ ግን ብዙም አልተማመንበትም፤ የሐረጉ ጫፍ ከረጩት በኋላ አድጎ ያልተረጨ ይሆናል፣ አጋዘኑ የሚወደውም እሱን ነው።

በየጥቂት ሜትሩ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይስቀሉ፣ ልጆችንና ጎረቤትን ይንገሩ፤ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ጨርሶ እንዳይጠጋ። እሾሃማ ሽቦ ላይ ምት አይላኩ፤ ሰው ተይዞ ይቀራል። ሁለት ሳጥን በአንድ አጥር ላይ አያገናኙ፤ ምቶቹ ሲደራረቡ ፋታው ይጠፋል። ሳጥኑ ቢበላሽና ሌሊቱ ቢያስፈራዎት እንኳ፣ እንደገና እላለሁ፣ ሽቦው ሶኬት አይነካም። አንድ ሌሊት ዱባው ይበላ።

የተበላውን ሐረግ አይንቀሉት። የተቀዳደደውን ጫፍ እስከ ጤነኛው አንጓ ድረስ ቆርጠው፣ አንጓውን በአፈር ሸፍነው ያጠጡት፤ ከዚያ ሥር ያወጣል፣ ከጎኑም አዲስ ቀንበጥ ይመጣል። አበባ ቢበላብዎት ሥሩን ይመልከቱ። ትንሽ እንክብል ያለባት ሴቴዋ ናት፤ ፍሬ የሚሆነው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ከወንዴዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ ከተበሉ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ማሳውን በመረብ ለመሸፈን ካሰቡም ጠዋት ጠዋት ይግለጡት፤ ንብ ካልገባ ሴቴዋ ሳትይዝ ትረግፋለች።