ግንባሩን አይተው፣ ክንፉን አስተውለው

ጥያቄ፦ በጥቅምት፣ ድሬዳዋ ከዚራ የመንገድ ዳር ዛፍ ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ቡናማ ወፍ አየሁ። ዝንብ አዳኝ (ፍላይካቸር) መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን ስፖትድ ፍላይካቸር ነው ወይስ ጋምባጋ ፍላይካቸር?

መልስ፦ ቀለሙን ይተዉት፤ ሁለቱም አመድ የመሰሉ ቡናማ ናቸው። ባይኖኩላርዎን መጀመሪያ ግንባሩ ላይ ያሳርፉ። ስፖትዱ ከመንቁሩ ሥር ጀምሮ እስከ አናቱ በቀጭን ጥቁር ጭረት የተሰመረ ነው፤ ደረቱም እንዲሁ። የጋምባጋ አናት ልሙጥ ነው ማለት ይቻላል፤ የደረቱ ምልክት የደበዘዘ ሲሆን የታችኛው መንቁሩም ወደ ቢጫ ይወስደዋል። ቀጥሎ ክንፉ። ወፉ ክንፉን አጥፎ ሲቀመጥ፣ ከጀርባው ላባ አልፎ ወደ ጭራው የሚዘልቀውን ጫፍ ይመልከቱ። በስፖትዱ ረጅምና ሹል ነው፤ በጋምባጋ ያጥራል። ስፖትዱ ከአውሮፓና ከምዕራብ እስያ ተነሥቶ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ የሚበር መንገደኛ ነውና ረጅም ክንፍ የግድ ይለዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በብርሃን ነው። ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ከሆነች ጭረቱ ሁሉ ይጠፋና ስፖትዱ ጋምባጋ ይመስላል። ስለዚህ ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙ። አደኑንም ይከታተሉ። ስፖትዱ ነፍሳቱን አየር ላይ ቀልቦ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ቅርንጫፍ ይመለሳል። ደጋግሞ መሬት እየወረደ የሚለቅም ከሆነ አፍሪካን ግሬይን ወይም ፔል ፍላይካቸርን ይጠርጥሩ፤ በተለይ ወደ ባቢሌ ግራር ሲወርዱ።

ጥያቄ፦ በሐምሌ ሐረር፣ ጫት ማሳ ዳር፣ መላ አካሉ ነጠብጣብ የሆነ ትንሽ ወፍ አገኘሁ። ስፖትድ ብዬ መዘገብኩት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም፤ ያታለለዎት ስሙ ነው፤ «ስፖትድ» በእንግሊዝኛ ነጠብጣባም ማለት ነውና። የደረሰ ስፖትድ ያለው ጭረት እንጂ ነጠብጣብ አይደለም። በሐምሌ ደግሞ እሱ በሰሜን፣ በመራቢያ አገሩ ነው። ወደኛ የሚመጣው ከመስከረም ወዲህ ነው፤ ሲመለስም በመጋቢትና በሚያዝያ ያልፋል። እርስዎ ያዩት የሌላ ዝንብ አዳኝ ጫጩት ሳይሆን አይቀርም፤ የዚህ ቤተሰብ ልጆች አብዛኞቹ ጀርባቸው በፈዛዛ ነጥብ የተረጨ ነው። በጫጩቱ ላባ ዝርያ ለመለየት አይድከሙ። ራቅ ብለው ይቀመጡ፣ እናት ወይም አባት ሊያጎርሱት እስኪመጡ ይጠብቁ፤ የሚመዘግቡት ወላጁን ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁሩን ፍላይካቸር ከድሮንጎ፣ ከሌላው ነፍሳት በል ጥቁር ወፍ፣ እንዴት እለያለሁ?

መልስ፦ ድሮንጎ ዓይኑ ቀይ፣ ጭራው እንደ መንሽ የተሰነጠቀ ነው። የፍላይካቸሩ ዓይን ጥቁር፣ የጭራው ጫፍም ያልተሰነጠቀ ነው። ነገር ግን የድሮንጎ ልጅ ዓይኑ ገና አልቀላም፤ ላባ በሚቀይርበት ጊዜም የጭራው ስንጥቅ ይደፈናል። ያኔ መንቁሩን ይዩ። የድሮንጎ ወፍራምና ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፤ የፍላይካቸሩ ቀጭን ነው። ጭልፊት እየተንጫጫ የሚያባርር ጥቁር ወፍ ካዩ ድሮንጎ ነው ብለው ይገምቱ።

ጥያቄ፦ ረጅም ጭራ ያለው ፓራዳይዝ ፍላይካቸር አንዱ ነጭ፣ ሌላው ሸክላ ቀለም ነው። ሁለት ዝርያ ናቸው?

መልስ፦ አንድ ናቸው። ወንዱ በሁለቱም መልክ ይገኛል። ሸክላ ቀለም ሆና ጭራዋ ያጠረችው ሴቷ ናት፤ ጭራው ገና ያላደገ ወንድም ስለሚመስላት በጭራ ብቻ አይፍረዱ።