ካልሆነ ወደ ቤትህ ሂድ

ልጆች፣

የመብራት ሰው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖልና ታወር ላይ፣ በኋላም ሰብስቴሽን ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) እጽፋለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ጥፋቱ የትንሿ ልጄ ነው። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። (አዎ፣ የመብራት ሰው ቤትም ይጠፋል።) እሷ ሶፋ ላይ ተጠቅልላ በላፕቶፕ ባትሪ አንድ ነገር ታያለች። ዝም ብዬ ከኋላዋ ቆምኩ። ስክሪኑ ላይ ሰው የለም። ያለው ፖል፣ ሽቦ፣ ሽቦው የሚያርፍበት የሸክላ ስኒና የምሽት ሰማይ ነው። ስዕሉ አይንቀሳቀስም። ዛፍ ላይ የሚጮኹ ነፍሳት ብቻ ይሰማሉ።

«ይሄን የሣለው ሰው ሽቦ ያውቃል» አልኳት።

ሳቀችብኝ። በኋላ ሳጣራ ግን ልክ ነበርኩ። ዳይሬክተሩ ሂዴያኪ አኖ በፖልና በኤሌክትሪክ መስመር ፍቅሩ የታወቀ ሰው ነው።

ተከታታዩ «ኒዮን ጄኔሲስ ኢቫንጀሊየን» ይባላል። 26 ክፍል አለው። ጃፓን ውስጥ በቴሌቪዥን የታየው በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 1995 እስከ ማርች 1996 ነው፤ በእኛ 1988 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው የዓለም ፍጻሜ አንድ ጊዜ ከመጣ በኋላ ነው። በፈረንጆቹ 2000 አንታርክቲካ ላይ የደረሰ ፍንዳታ በረዶውን አቅልጦታል፣ የምድርን ዛቢያ አናግቷል፣ የሰውን ዘር ግማሽ ፈጅቷል። ጃፓን ከዚያ ወዲህ ብርድ አታውቅም። ዓመቱን ሙሉ በጋ ነው፤ ነፍሳቱም ለዚህ ነው የማያቆሙት። በ2015 ደግሞ ግዙፍ ፍጡራን ይመጣሉ። የሚገጥሟቸው ኢቫ የሚባሉ ሕንፃ የሚያክሉ አካላት ናቸው። ነጂዎቹ የ14 ዓመት ልጆች ናቸው።

ኢቫው በኬብል ነው የሚሠራው። ጀርባው ላይ ይሰካል። ኬብሉ ከተነቀለ ያለው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። የልጄ ላፕቶፕ ያኔ 9 ፐርሰንት ላይ ነበር። ተያይተን ሳቅን።

የፍጡራኑ ነገር የእኛን አገር ሰው ግራ ያጋባል። በእንግሊዝኛው መላእክት ተብለዋል፤ የጃፓንኛው ቃል ግን ሐዋርያ ማለት ነው። አንዱ ራሚኤል ይባላል። ሙሉው በግእዝ ብቻ በተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ፣ ከሰማይ ከወረዱት መላእክት መካከል ራሜኤል አለ። ባለቤቴ ይሄን ስትሰማ አማተበች። ነገረ መለኮት ፍለጋ ሌሊቱን ለምታድሩ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሠሪዎቹ አንዱ ራሱ በተከታታዩ የሚታየውን መስቀል ያስገባነው ለዓይን ለየት ስለሚል ነው ብሏል።

ስድስተኛው ክፍል ላይ ከሶፋው ተነሣሁ። ይሄው ራሚኤል ሰማያዊ ነው፣ እንደ ክሪስታል የተቆረጠ። ከከተማዋ በላይ ተንሳፍፎ መሬቱን ወደ ታች ይሰረስራል። የቀረበውን ሁሉ በጨረር ያቃጥላል። ሚሳቶ የምትባለው አዛዥ ከሩቅ ተራራ ላይ ሆነን እንምታው ትላለች። ችግሩ መሣሪያው የሚፈልገው ኃይል ነው፦ 180 ሚሊዮን ኪሎዋት፣ ማለትም 180,000 ሜጋዋት። ይሄን ቁጥር በእኔ ጆሮ ስሙት። የሕዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። ወደ 35 ሕዳሴ በአንድ ተኩስ! ስለዚህ የመላ ጃፓንን መብራት ያጠፋሉ። ከተማ በከተማ ሲጨልም ታያላችሁ። ተራራው ላይ ኬብል ተዘርግቷል፣ ትራንስፎርመር ተደርድሯል። የመጀመሪያው ተኩስ ይስታል። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ፊውዝ ቀይሩ!

ስንት የጦር ፊልም አይቻለሁ። ዓለም ልትጠፋ ስትል ፊውዝ የሚቀየርበት ግን አላየሁም። ያን ሌሊት ቁጭ ብሎ መስመሩን ያሰበ ሰው አለ። በፈረንጆቹ 2011 ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ተመትታ ኃይል ሲያጥር፣ በኢንተርኔት «መብራታችሁን ቀንሱ» እያሉ የቀሰቀሱ ሰዎች ለዘመቻቸው የሰጡት ስም የዚሁ ክፍል ዘመቻ ስም ነው፦ ያሺማ።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ዋናው ልጅ፣ ኢቫ እንዲነዳ የተጠራው ሺንጂ፣ ከአባቱ ጋር ይገናኛል። አባትየው ጌንዶ ለዓመታት ጥሎት ኖሯል። አሁን የጠራው ሥራ ስላለው ነው። ከላይ ቆሞ ቁልቁል ያየዋል። ልጁ ሥልጠና የለውም፤ ኢቫ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። አልችልም ይላል። አባቱ የሚመልስለት አንድ ነው፦ የምትነዳ ከሆነ ፍጠን፣ ካልሆነ ወደ ቤትህ ሂድ።

«እንዴት ያለ ጨካኝ ነው!» አለች ልጄ።

እኔ ዝም አልኩ። ያን ቃል አውቀዋለሁ። ከእኔ አፍ ወጥቷል።

ፎርማን ሳለሁ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የመጣ አንድ ልጅ ተሰጠኝ። ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ነፋሻ ቀን ነበር። ታወሩ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቆመ። የሴፍቲ ቤልቱን መንጠቆ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል። ቀጭ፣ ቀጭ። ታች ድረስ ይሰማል። እኔ የሻይ ብርጭቆ ይዤ ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ ነው ያየሁት፤ ልዩነቱ ያ ብቻ ነው። «ከወጣህ ውጣ፣ ካልሆነ ወደ ቤትህ ሂድ! ሰው ሞልቷል!» አልኩት።

ወጣ። ሥራውንም ጨረሰ። ሲወርድ ሱሪው ረጥቦ ነበር። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ግን አላስቆምኳቸውም። ሰኞ ሳይመጣ ቀረ። ሄልሜቱ መኪናው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰነበተ። ለብዙ ዓመት ታሪኩን ስናወራ «ፈሪ ነበር» እያልኩ ነው የማሳርገው።

ሺንጂ ደግሞ «መሸሽ የለብኝም፣ መሸሽ የለብኝም» ይላል። ብዙዎቻችሁ ይሄን እንደ ጀግና መፈክር ይዛችሁታል። እኔ አይመስለኝም። መቼ እንደሚለው እዩ። በእሱ ፈንታ እንድትነዳ አንዲት የቆሰለች ልጅ በቃሬዛ ሲያመጡበት ነው። ደሟ እጁ ላይ አለ። ጥሎት የሄደ አባቱ ከላይ እያየው ነው። ድፍረት አይደለም፤ እንዳልጣል ብሎ ነው የሚገባው። ታወሩ ላይ የነበረውም ልጅ የወጣው እንደዚያ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም ወደዚህ ሙያ የገባሁት አባቴ ለጎረቤት «ልጄ ኢንጂነር ሊሆን ነው» ብሎ ስለጨረሰ ነው። እየቆየ ወደድኩት። ግን ይሄ ዕድል እንጂ ብልሃት አይደለም።

አራተኛውን ክፍል ደጋግማችሁ እዩት። ጦርነት የለበትም፣ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ሺንጂ በቃኝ ብሎ ይሄዳል። ባቡር ላይ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ሜዳ ላይ ያድራል። መጨረሻ ላይ እንዲሄድ ተፈቅዶለት ጣቢያ ይወስዱታል። ባቡሩ ይሄዳል። እሱ ፕላትፎርሙ ላይ ቀርቷል። ሚሳቶም ደርሳ ቆማ ታየዋለች። ረጅም ዝምታ ነው። ከዚያ ሰው ቤቱ ሲገባ የሚለውን ሰላምታ ይላታል። ይሄን ጊዜ ያስገደደው የለም። ለእኔ ሺንጂ ሥራ የጀመረው ያን ቀን ነው።

ሥራ ዓለም ስትገቡ እንደ እኔ ያለ ሰው ይገጥማችኋል። «ውጣ ወይም ሂድ» ሲላችሁ ሁለት በር ብቻ ያለ ይመስላል። «ታች ገመዱን የያዘው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሄ ፍርሃት አይደለም፤ ደህና ሠራተኛ የሚጠይቀው ነው። ያ ልጅ ይሄን ቢጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ገመድ የያዘ ሰው አላቆምኩም ነበር።

ስለ ጨለማውም ትንሽ ልበል። ከ18ኛው ክፍል ወዲያ ከባድ ነው። ልባችሁ በተሰበረበት ሰሞን ሌሊት ለብቻችሁ አትጨርሱት። አኖ ራሱ ከዚህ ሥራ በፊት ለአራት ዓመት ምንም መሥራት ያልቻለ የተሰበረ ሰው ነበርኩ ብሎ ጽፏል። ይታያልም። መጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ላይ ጊዜ አልቆበት፣ ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ ከራሱ ጋር ያነጋግረዋል። በእርሳስ የተጫረ ስዕል ሳይቀር አየር ላይ ዋለ። ተመልካቹ ተቆጣ። በ1997 በፊልም ሌላ መጨረሻ ሠራ። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ በአዲስ ስቱዲዮ እንደገና ጀምሮ፣ አራተኛውን ፊልም ያወጣው በ2021 ነው። እዚያ ላይ ጌንዶ ባቡር ውስጥ ተቀምጦ ስለ ራሱ ያወራል። ልጅ ሳለ ሰው ይፈራ እንደነበር፣ መጽሐፍና ፒያኖ መደበቂያው እንደነበሩ። ልጁ ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል። ያን ንግግር ለመድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ።

ፊልሙ ሲያልቅ ልጄ «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ። ታወሩ ላይ የቆመውን የዚያን ልጅ ነገር ነገርኳት። ነገሩን ወዲያው ያዘችው፤ የዛሬ ልጅ ሰው ማግኘት ያውቅበታል። አሁን የራሱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችልኝ።

ሦስት ሳምንት ሆነው። ውኃ ልጠጣ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። ገና አልደወልኩም።