ራት የተወራረዳችሁ፣ ፓስፖርት ያማራችሁ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎች

የላካችሁትን ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ግማሹ የሮናልዶና የሜሲ ጭቅጭቅ ስለሆነ ዘለልኩት፣ የቀረው ይኸው። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

አንዱ ብራዚል የሚነገረው ስፓኒሽ ነው ብሎ ከጓደኛው ጋር ራት ተወራርዷል።

ፖርቱጊዝ ነው። ጋብዝ።

አንዷ ደግሞ አጎቷ በደርግ ጊዜ ኩባ የተማሩ ናቸው፣ እሷ በአፕ የለመደችውን ስፓኒሽ ስታወራላቸው ይስቁባታል፣ እሳቸው ሲያወሩ ደሞ «ስ» የሚባል ድምፅ የለም፣ ማን ነው የተሳሳተው ትላለች።

ማንም። ኩባኖች ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ወይ ትንፋሽ ያደርጓታል ወይ ይውጧታል፣ አንቺ «ኮሞ ኤስታስ» የምትዪው እነሱ ጋ «ኮሞ ኤህታ» ነው። ለሰዋስው አስተማሪ ፈልጊ፣ ለወሬ ግን አጎትሽ ይበቁሻል።

ሌላው የዛሬዋን ሜክሲኮ ከአዝቴኮች ስለወሰደው ስፔናዊ ስለ ኮርቴዝ ይጠይቃል፦ «ኮርቴዝ በ500 ሰው ያን ሁሉ ሕዝብ እንዴት አሸነፈ? አዝቴኮቹ ፈሪ ነበሩ እንዴ?»

ይሄ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ማን ብቻቸውን አሸነፉ አለህ? የአዝቴኮች ጎረቤት የሆኑት የትላስካላ ሰዎች በ1519 መጀመሪያ ተዋጉት፣ ኋላ ግን ከአዝቴኮች ጋር የቆየ ጠብ ስለነበራቸው አብረውት ዘመቱ፣ በ1521 የአዝቴኮቹን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን ከከበባት ጦር አብዛኛው የዛው አገር ሰው ነው። ከዛ በፊት በ1520፣ ጁን 30 ሌሊት፣ ስፔኖቹ ከከተማዋ ሲወጡ ተመተው ብዙ ሰው አልቆባቸዋል፣ እና ይሄ የፈሪ ሥራ ነው? ያው ዓመት ፈንጣጣ ገባ፣ የአዝቴኮቹን ንጉሥ ሞክቴዙማን የተካውን ኩዊትላዋክን ሳይቀር ገደለ።

ንግግሩን ደሞ እስኪ አስበው። ኮርቴዝ በስፓኒሽ ይናገራል፣ መርከብ ተሰብሮበት ማያዎች መሀል ለዓመታት የኖረ አጊላር የሚባል ስፔናዊ ወደ ማያ ቋንቋ ያዞረዋል፣ ከዛ ማሊንትዚን የምትባል ሴት ከማያ ወደ አዝቴኮቹ ቋንቋ፣ ወደ ናዋትል። መልሱም በዛው መንገድ ይመለሳል። እሷ ለኮርቴዝ በስጦታ ከተሰጡት 20 ሴቶች አንዷ ናት፣ ብዙም ሳትቆይ ስፓኒሹን ለመደችውና አጊላር ሥራ ፈታ። ዛሬ ሜክሲኮ ውስጥ የውጭ ነገር የሚያመልክ ሰው በሷ ስም «ማሊንቺስታ» ተብሎ ይሰደባል። ገና ልጅ ሳለች ለባርነት የተሰጠች ሴት ለማን ታማኝ እንድትሆን እንደተፈለገ አይገባኝም።

የኛም ወሬ ያው ነው። 400 ፖርቱጋሎች በ1541 መጥተው አገር አዳኑ ይባላል፣ በ1543 የወይና ደጋ ጦርነት ላይ ሲደረስ ግን ከግማሽ በታች ቀርተው ነበር፣ የአፄ ገላውዴዎስ ጦር ታዲያ ቆሞ ሲያይ ነበር?

ስፔኖች ለምን ሁለት የቤተሰብ ስም አላቸው ላላችሁት፦ አንዱ የአባት፣ አንዱ የእናት ነው። ስፔን እንደ ልማዱ የአባት ይቀድማል፣ ፖርቱጋል የእናት። ስፔናዊት ስታገባ ስሟን አትቀይርም፣ እንደኛው።

የመጨረሻው ልጅ አያቱ ዘራችን ከነዛ ፖርቱጋሎች ነው ይሉታል፣ አንድ ደላላ ይሄን ሰምቶ ፓስፖርት አወጣልሃለሁ፣ ቀብድ አምጣ ብሎታል።

እንዳትከፍል! በዘር ዜግነት የሚገኘው የቅርብ ዘመድህ የፖርቱጋል ዜጋ መሆኑ በሰነድ ሲረጋገጥ ነው፣ በ1541 ወሬ ማንም ማመልከቻ አይቀበልህም። ደግሞ ይሄን እኔንም አትጠይቀኝ፣ የምሬን ነው፣ አንድ ብር ሳታወጣ ኤምባሲያቸውን ወይ የዜግነት ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ አናግር። አያትህን ግን ዛሬውኑ አስወራቸውና ስልክህ ላይ ቅዳ።